ሌባ ፍለጋ

ሰው ሌባን ሲሸሽ እንጂ ሲያፈላልግ አይታይም። ምላጩ ግን ጠዋት ፀጉር ቤቱን ከፍቶ፣ መስታወቱን ወልውሎ፣ ፎጣዎቹን አጣጥፎ ሲያበቃ ደንበኛ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ራሱ ይሰየምና፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ስልኩ ውስጥ ሌባ ይፈልጋል። ለዚያውም ያገኘውን ሌባ ሁሉ አይደለም፤ የቢትኮይን ማሽን እሸጣለሁ ባዩን ብቻ ነው።

ምላጩ ያሉት ደንበኞቹ ናቸው፤ በእጁ ሳይሆን በምላሱ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጢም ሲላጭ አንድ ጉንጭ አልቧጨረም፤ በአፉ ግን ያላቆሰለው ሰው የለም። ከሁሉ አብልጦ ያቆሰለው ደግሞ እናቱ በሕፃንነቱ ሞታበት ብቻውን ያሳደገውን አንድያ ልጁን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል አንድ ማሽን አስገባ፤ ያ ሌት ተቀን ሒሳብ እየሠራ ቢትኮይን የሚሉትን የኮምፒውተር ገንዘብ ይቆፍራል የሚባለውን። ሲያዩት የጫማ ካርቶን ቢያክል ነው፤ ጩኸቱ ግን ጉድ ነው! ማራገቢያዎቹ ሲነሱ መስታወቱ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ደንበኛው "ጎኑን ብቻ ነካ አድርግልኝ" ሲል ምላጩ "ሁሉንም አንሳው" የተባለ መስሎት አንድ ሙሽራ በሠርጉ ዋዜማ ራሱን እንደ እንቁላል ሆኖ አገኘው። ሙሽራው ሰድቦት ሲወጣ ምላጩ ደሙ ፈላና ደንበኛ በሞላበት፣ "ወይ ይሄ ማሽን ይውጣ፣ ወይ አንተ ይዘኸው ውጣ!" ብሎ በልጁ ላይ ጮኸ።

ልጁ ማሽኑን ነቅሎ ታቀፈው። "ሰው ሆኜ ካልሆነ ተመልሰህ አታየኝም" አለና በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ሄደ። ቢያላትመው ይሻል ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሩቅ ከተማ ሆኖ አልፎ አልፎ ይደውላል። "ደህና ነህ?" "ደህና ነኝ።" "ሥራስ?" "ጥሩ ነው፤ ማሽኖቹ በዝተዋል።" አለቀ። ስልኩ ይዘጋል፣ ምላጩም የተዘጋውን ስልክ ጆሮው ላይ እንደያዘ ይቀራል። ልጁ ናፈቀው። ሳቁ ናፈቀው፤ ከውጭ ሲገባ ጫማውን መተላለፊያው ላይ ጥሎ የሚያደናቅፈው ነገሩ ናፈቀው። ያንን የረገመውን ጩኸት እንኳ ናፈቀው፤ ይብላኝለት፣ ራሱ አባርሮት።

አንድ ቀን ስልኩ ላይ ማስታወቂያ መጣለት። "የቢትኮይን ማሽን፣ በግማሽ ዋጋ፣ ዛሬ ብቻ!" ይላል። ምላጩም ገዝቼ ጓዳዋ ውስጥ ባስቀምጠው ልጄ ሊያስነሳልኝ እንኳ ይመጣ ይሆናል ብሎ አሰበና፣ ልቡ እየመታ ደወለለት።

"ማሽን ልገዛ ነው" አለው።

"አባዬ! እንዳትከፍል! በሞቴ፣ ምንም እንዳትከፍል!" ልጁ ማውራት ሲጀምር ሰዓቱን ረሳው። ማንም ጤነኛ ነጋዴ የሚሸጠውን ነገር በግማሽ ዋጋ እንደማይጥል፣ "ዛሬ ብቻ" ማለት "አታስብ" ማለት እንደሆነ፣ ክፍያውን በቢትኮይን ብቻ ላክ ካለ ደግሞ ያ ገንዘብ አንዴ ከሄደ ማንም ሊመልሰው እንደማይችል አስረዳው። ምላጩ ግማሹ አልገባውም። ድምፁን ነበር የሚሰማው። ሲጨርሱ ልጁ፣ "ሌላ ካገኘህ መጀመሪያ ለኔ ንገረኝ፣ እሺ?" አለው።

እሺ ብቻ? በዚያው ሳምንት ሌላ አገኘ፣ ቀጥሎም ሌላ። ዓይናቸውን በጨው ያጠቡ ሌቦች ስልኩ ውስጥ ሞልተው ኖረዋል! በመጣ ቁጥር ይደውላል፣ ልጁም ያስተምረዋል። "ፎቶ አትመን፤ በቪዲዮ ደውልና የማሽኑን ጀርባ አሳየኝ በለው። የተጻፈበትን መለያ ቁጥር ያንብብልህ፤ ቁጥሩን ከፋብሪካው ማጣራት ይቻላል።" አንዱን አፈ ቅቤ እንደተባለው ጀርባውን አሳየኝ ቢለው፣ "አባቴ፣ እርስዎን የመሰለ ትልቅ ሰው እንዴት ወንድሙን ይጠራጠራል?" አለው። ይህን ለልጁ ሲነግረው ልጁ ከት ብሎ ሳቀ። ምላጩ ያንን ሳቅ ቀኑን ሙሉ ይዞት ዋለ፤ የአንዱን ደንበኛ ፀጉር በነፃ ቆረጠ።

እየዋለ እያደረ ምላጩ ራሱ ተካነበት። ሌባውን ገና ከሰላምታው ይለየዋል። ለልጁ ሲደውል ግን፣ "እኔ ምኑን አውቄው? ይሄ ሰውዬ ደህና ይመስላል" ይላል ሆነ ብሎ። አለማወቁ ነዋ የሚያስደውለው።

አንድ ነገር ብቻ ሆዱ ውስጥ ቀረ። ልጁ አንዴ፣ "መጀመሪያ የማጓጓዣ ይሉሃል፤ ከዚያ ዕቃው ጉምሩክ ተያዘ ይሉሃል፤ ከዚያ የዋስትና። ባትከፍል የበፊቱ ገንዘቤ ይቀራል ብለህ ትፈራለህ፤ ስትከፍል ስልኩ ይጠፋል" ሲለው ድምፁ ሻከረ። "አንተ ይሄን ሁሉ በምን አወቅህ?" ቢለው "ሰው ነግሮኝ" ብሎ ቶሎ ዘጋ።

መዓቱን ያመጣው ወዳጁ ጡረተኛው መምህር ነው። በየሳምንቱ ጢሙን ሊላጭ ይመጣል፤ ምላጩ ስልኩ ላይ ሲያፈጥ ሲያየው፣ "ዘንድሮም ሀብታም ሳትሆን ልትሞት ነው እንዴ?" እያለ ይተርበዋል። ደግ ሰው ነውና አንድ ቀን ፊቱ በርቶ መጣ። "እውነተኛ ሻጭ አገኘሁልህ! ከኔ ቤት ጀርባ፣ ኮምፒውተር የምትጠግነዋ ሴትዮ። ተነስ!" እጁን ይዞ እየጎተተ ወሰደው።

ሴትዮዋ ሱቋ ውስጥ ሽቦ እየበየደች ነበር። "አባባ፣ ቀድሜ ልንገርዎት" አለችው ዓይን ዓይኑን እያየች። "አሮጌ ነው፤ አንዱን ማራገቢያ ቀይሬዋለሁ። መብራት ይበላል። ያተርፍዎታል ብዬም አልምልልዎትም። የሚያውቅ ሰው ይዘው ይምጡና ሲሠራ ይዩት፤ ክፍያው ከዚያ በኋላ ነው።" መለያ ቁጥሩን ሰጠቻቸው፤ መምህሩ እዚያው አጣርቶ "ትክክል ነው!" አለ። ከዚያ አስነሳችው።

ያ ጩኸት ሱቁን ሞላው። ምላጩ እንደቆመ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ሴትዮዋ ደንግጣ አጠፋችው።

"ምነው አባባ?"

"ልጄ ናፍቆኝ ነው።"

ወደ ፀጉር ቤቱ ሲመለስ ጨነቀው። ልጁ ይህን ከሰማ "በል ግዛ" ይለዋል። ከገዛ ደግሞ ምን ብሎ ሊደውል ነው? እንደገና "ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ" ሊሆን ነው። ልዋሽ አለና ደወለ።

"ይህችም ሌባ ናት" አለ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

"ዋጋው ረከሰ?"

"ኧረ እንደሰዉ ነው።"

"ቅድሚያ ክፈል አለችህ?"

"አላለችም።"

"ሲሠራ አሳየችህ?"

"ጆሮዬ እስኪደነቁር።"

"ታዲያ ሌብነቷ የቱ ላይ ነው?"

ምላጩ መነጽሩን አውልቆ በፎጣ ወለወለ። "ማራገቢያው ተቀይሯል" አለ።

"እንዴት አወቅህ?"

"እሷው ነገረችኝ።"

ልጁ ቀስ ብሎ፣ "አባዬ፣ ጉድለቱን ራሷ የነገረችህን ሰው ነው ሌባ የምትለኝ? ግዛው እንጂ" አለው።

"አልፈልግም።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ስታስለፋኝ?"

"ማሽን ምን ያደርግልኛል? ከሌባ በቀር ወሬ የለንማ!" አለ ምላጩ፣ ድምፁ እየተሰበረ። "ሌባ ሳገኝ ብቻ ነው የምታናግረኝ። ማሽኑ ይቅርና አንተ ና። ያኔ የተናገርኩትን በላሁት፤ ና።"

"አልችልም።"

"ማሽኖችህ ለአንድ ቀን ብቻቸውን ቢሆኑ ይሞታሉ?"

"ማሽን የለኝም።"

ምላጩ ከወንበሩ ተነሳ።

"ያቺኑ የነበረችኝን ሸጬ፣ ተበድሬ፣ ብዙ ልገዛ ገንዘቡን ለእነዚሁ ለማስታወቂያ ሻጮች ላክኩላቸው" አለ ልጁ። "ካርቶኑ እንኳ አልመጣም። ጉምሩክ አሉኝ፣ ከፈልኩ፤ ዋስትና አሉኝ፣ ከፈልኩ። ያስተማርኩህን ሁሉ የተማርኩት እየተዘረፍኩ ነው። አሁን መጋዘን ውስጥ ጭነት አወርዳለሁ። ሰው ሆኜ እመጣለሁ ብዬህ... ምን ይዤ ልምጣ?"

ልጁ አልሰረቀም፣ አላጭበረበረም፤ ተታለለ እንጂ። ይህን አፍኖ፣ በሰው አገር ጭነት ተሸክሞ፣ አባቱን ግን ከሌባ ሲጠብቅ ከረመ።

"እኔ ያልኩህ ማሽኑን ይዘህ ውጣ ነው እንጂ ማሽን ይዘህ ግባ አላልኩም" አለው ምላጩ። "ምንም አትያዝ። ሰውስ ድሮም ነበርክ፤ እኔ ነኝ ያላየሁት።"

ልጁ ሲያለቅስ ይሰማል፤ ምላጩም አብሮት አለቀሰ። በር ላይ አንድ ደንበኛ ብቅ ብሎ ፊቱን አየና ሹልክ ብሎ ተመለሰ።

"አባዬ" አለ ልጁ አፍንጫውን ስቦ።

"ወዬ።"

"አውቶቡሱ አሁንም በገበያው በኩል ነው የሚመጣው?"

ልጁ ከተወለደ ጀምሮ አውቶቡሱ በገበያው በኩል ነው የሚመጣው፤ ሌላ መንገድ የለም። ምላጩ ግን ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠና፣ ከመናኸሪያው ጀምሮ እያንዳንዱን መታጠፊያ፣ ሳይቸኩል፣ አንድ በአንድ ነገረው።