የሞተሩ ሙቀት እስኪወርድ

ናፍጣ መኪና ሊገዛ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ኮፈኑን በእጁ ይንካ። እኔ ነካሁት። ከእሳት የወረደ ድስት ነው የሚመስለው።

ሻጩ ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነው። መኪናዋ ከትናንት ጀምሮ አልተነሳችም፣ ሸራ ለብሳ ነው ያደረችው ብሎኛል። ታዲያ ሸራ ለብሳ ያደረችውን በጠዋት ምን አሞቃት? አልጠየቅኩትም። የሚዋሽን ሰው ፊት ለፊት ከገጠሙት ሌላ ውሸት ይደርባል፤ ዝም ካሉት ግን ራሱ ይደክመዋል።

ጉዳዬን ልንገራችሁ። እኔ መጋረጃ ሰፍቼ ቤት ድረስ ወስጄ እሰቅላለሁ። የመጋረጃው ብረት ረጅም ስለሆነ ታክሲ አያስገባኝም፤ በትከሻዬ ስሸከመው መንገደኛው ጎንበስ እያለ ነው የሚያልፈኝ። አዲስ የተሠራው ሆቴል ባለቤት የክፍሎቹን መጋረጃ ሁሉ ሊሰጠኝ ፈልጎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ የራሴ መኪና እንዲኖረኝ። የሰው መኪና ስትለምኚ እኔን ልታስጠብቂኝ ነው ወይ አለኝ። ባለኝ ገንዘብ ደግሞ ሌላ መኪና አይገዛም። ይቺ የቤት መኪና ግን የሠራት ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል። ወላጅም ዘመድም የሌላት ናት፣ መለዋወጫ አታገኚላትም እያለ ሰው ይሸሻታል። እንዲያም ሆኖ ሰውዬው የጠራው ዋጋ እኔ ካለኝ በላይ ነው። እሱን ካላወረድኩ ሥራው ፒካፕ ላላት ለሌላዋ መጋረጃ ሰፊ ይሄዳል። እሷን ደግሞ አልወዳትም።

የእህቴን ባል ይዤ ነው የሄድኩት። ስለ መኪና አውቃለሁ ስለሚል አዋቂው እንለዋለን። አራቱንም ጎማ በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ በሩን ከፍቶ ዘጋ። ሻጩ ቁልፉን ሲያዞር በአንዴ ተነሳች። አዋቂው በዓይኑ ቦርሳዬን አሳየኝ፤ ክፈዪ ማለቱ ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሞተሩን አስጠፋሁና ውሃ ጠማኝ ብዬ ወደ ቤት ገባሁ።

ሳሎኑ ሰፊ ነው፤ መጋረጃው ግን ፀሐይ በልቶታል፣ አንዱ ጥግ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። የሰውዬው ሚስት ዓይኔን ተከትላ አየችና አፈረች። እኔም ሜትሬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ለመለካት አላስከፍልም፣ እዚህ ድረስ ከመጣሁ አይቀር ልለካልዎት አልኳት። ሻጩ ወደ በሩ አዘገመ። ጋሼ፣ እባክዎን ይቺን ጫፍ ይያዙልኝ አልኩት። ወንበር ላይ ወጥቶ ያዘ። ሳሎኑን ስንጨርስ ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ ወጥ ቤት አለፍን። የመታጠቢያ ቤቱን መዳፍ የምታክል መስኮት እንኳ አልማርኩም። እሱ በየመሐሉ ሰበብ ያመጣል፤ አንዴ መብራቷን ሳላጠፋ ቀረሁ ይላል፣ አንዴ ድመት ሥሯ ገብታ ይሆናል ይላል። ሊወጣ በተነሳ ቁጥር ሚስቱ፣ እህታችን ብቻዋን ልትለካ ነው ወይ እያለች ወንበሩ ላይ ትመልሰዋለች። ለመጋረጃው ጓጉታ መስሎኝ ነበር። ምሳም አቀረበች። ከምሳ በኋላ፣ ዘርፍ ይኑረው አይኑረው ብለን ተከራከርን። ውጭ ዘንቦ አባራ። አዋቂው ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣለው።

ወጥቼ ኮፈኑን ነካሁት። የወንዝ ድንጋይ ሆኗል።

በሉ ጋሼ፣ አንዴ ያስነሷትና ልክፈልዎት አልኩ።

ቁልፉን አዞረ፤ አጉረመረመች። ደግሞ አዞረ፤ አስነጠሰች፣ ነጭ ጭስ ተፋች፣ ዝም አለች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የናፍጣን ገመና የሚያወጣው ግን ብርድ ነው። ሰውዬው ዝናቡ ነው አለ። ነዳጁ ነው አለ። ሚስቱ ደጃፉ ላይ ቆማ ትሰማው ነበር።

"ንገራት እንጂ፤ በየጠዋቱ የምገፋው እኔ ነኝ" አለችው። "ወገቤ አለቀ። ዛሬም ጎህ ሳይቀድ አስገፍተኸኝ ነው ያሞቅካት።"

ለካ ያን ሁሉ ሰዓት ወንበር ላይ የሰቀለችው ለመጋረጃ ብላ አይደለም።

ያለኝን ገንዘብ ጠራሁ። በዚህ ዋጋ ከምሸጥ ለብረት ለቃሚ ብሰጣት ይሻለኛል አለ። ሚስቱ፣ እንግዲያው ነገ ብቻህን ግፋት አለችው። ሸጠልኝ።

ገንዘቡን ኪሱ ከከተተ በኋላ አዘነልኝ መሰለኝ፣ "ጠዋት ጠዋት እንዴት ልታስነሺያት ነው?" አለኝ።

"ቤቴ ኮረብታ አናት ላይ ነው ጋሼ። ፍሬኑን እለቃለሁ፣ ቁልቁል ስትንደረደር ማርሽ አስገባለሁ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ሳትደርስ ትነሳለች።"

ያን ቀን መንገደኛ ለምነን አስገፋናትና ወደ ቤቴ ነዳኋት።

ሆቴሉ ሥራውን ሰጠኝ። የቀያሹን ሚስት መጋረጃም ሰፍቼ በድሮ መኪናቸው ጫንኩላት፤ አዋቂውንም መሰላል እንዲይዝልኝ አስከተልኩ። የነሱ ሰፈር እንደ ጠረጴዛ የተደላደለ ሜዳ ነው። ስለዚህ ሞተሩን ሳላጠፋ ገባሁ። ሰቅዬ ጨርሼ ብወጣ ጭጭ ብላለች። ሰውዬው ገና ከመግባቴ ሾልኮ አጥፍቷት፣ አሁን ግድግዳውን ተደግፎ ሰማይ ሰማይ ያያል።

"ነዳጅ እንዳይባክንብሽ ብዬ ነው" አለ። ሳቁን መያዝ አቅቶታል።

ሞከርኳት፤ እምቢ አለች። እኔም ከመሪው አልወረድኩም። መኪናዋ የግቢያቸውን በር ዘግታ ነው የቆመችው። ምን ቸገረኝ፣ እራትም አለ፣ እዚሁ አድራለሁ አልኩት። በዚህ መሐል ሚስቱ ወጣች፤ ነገሩ ወዲያው ገባት። የመኪናዋን በር ከፍታ አጠገቤ ተቀመጠችና ቀበቶዋን አሰረች።

"የኔ ተራ አልቋል፤ ግፋ" አለችው በመስኮት።

አዋቂውን ከጎኑ አቆምኩለት። ገፉ። ጎረቤቱ ሁሉ በየበሩ ወጥቶ እያየ የመንገዱ ጫፍ ድረስ ገፉ፤ እዚያ ስንደርስ ተነሳች። ሚስትየዋ ወደ ማርሹ አየት አደረገችና፣ ቀደም ብለሽ ብታስገቢው ኖሮ በግማሹ መንገድ ትነሳ ነበር አለችኝ።

አልካድኳትም።