ለሞኒካ ቀይ

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ጠባቂ ዓመቱን የምታውቀው በቀለም ነበር። ሐምራዊ ከወጣ ጾም ነው፤ ነጭ ከወጣ ልደት ወይ ትንሣኤ። የቅዱስ በዓል ከሆነ ደግሞ አሟሟቱ ይታያል፤ በሰላም ላረፈ ነጭ፣ ደሙ ለፈሰሰ ሰማዕት ቀይ። ይህን የወረሰችው ከእናቷ ነው። እናትየው ጉልበታቸው እምቢ ብሎ አልጋ ላይ እስኪውሉ ድረስ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የኖሩ ሴት ናቸው። ልጅቷ ገና አፏን ስትፈታ "እስጢፋኖስ?" ይሏታል፤ "ቀይ" ትላለች። "ፍራንቸስኮስ?" ሲሏት "ነጭ"። የሰው ልጅ ሀ ሁ ሲቆጥር እሷ ቅዱሳንን በልብሳቸው ቆጠረች።

ታዲያ በቅድስት ሞኒካ በዓል ዋዜማ ነጩን ልብሰ ተክህኖ ዘርግታ ስትተኩስ፣ ሽማግሌው ቄስ በበሩ ብቅ አሉና ለነገ ቀዩን እንድታዘጋጅ ነገሯት።

ሳቋ መጣ። ሰው መቼም ሲያረጅ ቀን ይምታታበታል፣ ምን ይደረግ! እንዳታሳፍራቸው ለስለስ አድርጋ አስረዳቻቸው፤ ሞኒካ በሕመም ያረፈች እናት መሆኗን፣ ማንም እንዳልገደላት፣ የቀዩ ተራ የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት የተቆረጠበት ቀን መሆኑን፣ እሱም ገና እንዳልደረሰ። ቄሱ ግን አልሄዱም። ካውያው ሲመላለስ ቆመው አዩ።

አልተምታታባቸውም ነበር። ነገ የወንድሟም መታሰቢያ ነው አሏት።

ይህንንማ ለእሷ ማን ይነግራታል! ታናሽ ወንድሟ ቄስ ሆኖ ሩቅ አገር ተልኮ፣ እዚያው የሞተው የዛሬ ሦስት ዓመት በሞኒካ ቀን ነው። ድንገተኛ ትኩሳት ነው ተብሎ ተረዳች። ከዚያ ወዲህ ለሟቹ ሻማ ታበራለታለች፤ እያበራች ደግሞ ትሰድበዋለች። መድኃኒት ያዝ ስትለው "ትኩሳት ቄስ አይደፍርም" እያለ ሲያሾፍባት ትዝ ይላትና አንጀቷ ያርራል። አንተ ግትር፣ አንዲት ኪኒን መዋጥ አቅቶህ እናትህን አልጋ ላይ ጣልካት! እቤትም፣ እናቷ ፊት፣ እንዲሁ ነው የምትለው። በንዴት ካልሆነ አንድም ቀን አልቅሳለት አታውቅም።

"ለእሱም ቢሆን አባ፣ ሐምራዊ ነው፤ ቢበዛ ነጭ" አለች። "በትኩሳት ለሞተ ቀይ የለም።"

"በትኩሳት አልሞተም።"

ቀና ብላ አየቻቸው። ቄሱ ወንበር ስበው ተቀመጡና መሬት መሬት እያዩ ነገሯት። መሣሪያ የያዙ ሰዎች መንደሩን ሲያምሱ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ተሸሸገ። ወንድሟ ከበሩ ላይ ዞር በል ተባለ፤ ዞር አልልም አለ። እዚያው ደፉት። ቤተ ክርስቲያን ሰማዕት ነው ብላ ገና አልፈረደችም፤ ቀይ መልበስም አይፈቀድላቸውም። ጳጳሱ ከሰሙ ይቆጡ ይሆናል፤ ይቆጡ።

እጇ አንድ እጅጌ ላይ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። በሩ ላይ፣ በሩ ላይ ትላለች በልቧ፤ ሌላው ሁሉ ጠፋባት። ይህን ሌላ የሚያውቅ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

"እናትሽ ገና ከመነሻው ያውቃሉ" አሉ ቄሱ። "መርዶውን ስናመጣላቸው ለማንም እንዳትናገሩ ብለው ያስማሉን እሳቸው ናቸው።"

ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለች፤ በሩን ሳትዘጋ ወጣች። መንገድ ላይ ማን ሰላም እንዳላት፣ ማንን ገፍታ እንዳለፈች አታውቅም። እናቷ ትራስ ተደግፈው በር በሩን ያያሉ። ከነጫማዋ ገብታ ከፊታቸው ተገተረች።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ስሰድበው እየሰማሽ?"

"እየሰማሁ" አሉ እናቷ።

ወንድሟ ሲሞት ልጅቷ እርጉዝ ነበረች። ሁለት ፅንስ ወርዶባት ሦስተኛው ነበር፤ መገደሉን ሰምታ ይህኛውም እንዳይወርድባት ፈሩ። ልጁ በሰላም ተወለደ። ስታጠባ ደግሞ ወተቷ እንዳይደርቅ ፈሩ። ከዚያ በኋላማ ነገ ዛሬ ሲሉ፣ ነገሩ እየከበደ ሄዶ በአፍ የማይወጣ ሆነ። የደበቁት የልጃቸውን አሟሟት ብቻ አልነበረም፤ መደበቃቸውን ራሱ መደበቅ መጣ። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ለብቻቸው ደጋግመው የተለማመዱት ይመስላል።

ልጅቷ ሻማ ይዛ የተሳደበችው ሁሉ አንድ ባንድ መጣባት። ግትር ነበር፤ እውነቷን ነው፤ ግትርነቱ ግን በሩ ላይ ነበር።

"ዘንድሮም ልንገርሽ ብዬ ምላሴ ተሳሰረ" አሉ እናቷ። "አባን፣ ቀዩን አውጪ በሏት አልኳቸው። እኔ ያስተማርኳት ልጅ ናት፣ ለምን ብላ ትጠይቃለች አልኩ።"

ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። እናትየው በክርናቸው እየተደገፉ፣ እያቃሰቱ፣ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

"እስከ ዛሬ ብቻዬን አለቀስኩት" አሉ። "ነይ አግዢኝ።"