ሎሚ ጭነቷን ስታራግፍ

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከቆመችበት ያልተነቃነቀችው የእነ አስካለ ፒክአፕ ጭነቷን ማራገፍ ጀመረች። መጀመሪያ የወረደው የብረት አልጋ ነው።

አስካለ በረንዳው ላይ ቆማ ጥርሷን ትፍቅ ነበር። ፒክአፕዋ ኢተያ ከሚገኘው ግቢያቸው ጥግ፣ ከቁልቋሉ አጥር ሥር ናት። ጎማዎቿ ከተፈቱ ቆይተዋል፤ አራት ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጠችው። ቢጫ ስለነበረች ቤተሰቡ ሎሚ ይላታል፤ አሁን ቀለሟ የደረቀ ሣር መስሏል። የኋላ መዝጊያዋ ማንም ሳይነካው ወረደ፤ አልጋው ተንሸራቶ ወጣና ሣሩ ላይ በአራት እግሩ ቆመ። አስካለ አፏን ተጉመጥምጣ ሄዳ ነካችው። ቀለሙ ገና ይሸታል።

«እማዬ፣ አልጋሽ መጥቷል» አለች።

እናቷ ወይዘሮ ዘርፌ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከዘራቸውን ይዘው ወጡና አልጋውን አንድ ጊዜ ዞሩት።

«የሠርጌ ነው። ሽብሩ ከናዝሬት ያመጣልኝ» አሉና ተቀመጡበት። ትንሽ ቆይተው ጫማቸውን አውልቀው ጋደም አሉ። ከናዝሬት ኢተያ በዚያ ዘመን መንገድ ሁለት ሰዓት ከሩብ ይፈጅ ነበር። ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሞላ ወይዘሮ ዘርፌ ተነሥተው ጫማቸውን አደረጉ፤ አልጋውም ጠፋ።

በዚያው ቀን ሠላሳ የጣራ ቆርቆሮ፣ ዘጠኝ ኩንታል ስንዴ፣ አንድ በግ፣ እንደገና አሥራ አራት ኩንታል ስንዴ ወረደ። አስካለ ለሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረች ሴት ናት፤ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ነገሩ ገብቷት ነበር። ሎሚ የምታራግፈው በጫነችበት ቅደም ተከተል ነው። እያንዳንዱ ነገር ደግሞ የኋላ መጫኛዋ፣ ካሶኒው ላይ የቆየውን ያህል ጊዜ መሬት ላይ ይቆያል፤ አንድ ደቂቃ አይጨምርም፣ አንድ ደቂቃ አይቀንስም።

ማክሰኞ ጎረቤታቸው ዲንቂ ወረደች። ፍራሽ ላይ ተኝታለች፤ ምጥ ይዟታል፤ ወደ አሰላ ሆስፒታል እየወሰዷት ነው። ዲንቂ ከሞተች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። አስካለ ያን ዕለት የተወለደውን ገመቹን ልትጠራው ሄደች። ገመቹ አናጢ ነው፤ ጢሙ መሸበት ጀምሯል። መጋዙን አስቀምጦ፣ እጁን ታጥቦ መጣ።

«ምን ልበላት?» አለ።

«አይዞሽ በላት።»

ገመቹ ፍራሹ አጠገብ ተንበርክኮ የእናቱን እጅ ያዘ። ሃምሳ ደቂቃ ያዘው። «አይዞሽ፣ ትገላገያለሽ። ወንድ ነው» አላት።

«በምን አወቅህ?» አለች ዲንቂ ጥርሷን ነክሳ።

«ሰው ነገረኝ።»

«ደህና ልጅ ይሆናል?»

ገመቹ አሰበ። «መካከለኛ ነው» አለ። ዲንቂ በዚያ ሁሉ ምጥ መካከል ሳቀች፤ እየሳቀች ሃምሳው ደቂቃ ሞላ። ገመቹ ለጥቂት ጊዜ በጉልበቱ እንዳለ ቆየና አስካለን አመስግኖ ወደ ሥራው ተመለሰ።

የቀበሌው ሰውም መጣ። የሚወርዱት ሰዎች እዚሁ የሚያድሩ ከሆነ መመዝገብ እንዳለባቸው ተናገረ። አስካለ እንደማያድሩ ነገረችው። «እንግዲያው ጥያቄ የለኝም» ብሎ ሄደ።

ረቡዕ ቤተሰቡ ሶደሬ ዋና ሄዶ የተመለሰበት እሑድ ወረደ። የአስካለ ታናሽ ወንድም ደጀኔ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ኳሱን ታቅፎ፣ ፀጉሩ እንደራሰ ተኝቷል። ዘጠኝ ዓመት የሆናት አስካለ አጠገቡ ተቀምጣለች። ትልቋን አስካለን ስታይ ብድግ ብላ «ደህና ዋሉ?» አለቻት። ወይዘሮ ዘርፌ ጋቢያቸውን አውልቀው ትንሹን ደጀኔን አለበሱት። መንገዱ ሲያልቅ ጋቢው ባዶውን ሣሩ ላይ ቀረ፤ ርሷል።

የዛሬው ደጀኔ አዳማ ነው የሚኖረው። ሎሚን ቆራርጦ ለብረት የሚወስድ ሰው ያገኘው እሱ ነው። ያን ዕለት ስልክ ደወለ።

«ሰውየው ቅዳሜ አራት ሰዓት ይመጣል። እኔም አብሬው እመጣለሁ።»

«እስከዚያ ትጨርስ ይሆናል» አለች አስካለ።

«ምኑን?»

«ጭነቷን።» የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

ደጀኔ እስከ መጨረሻው ሰማት። ከዚያ «ኳሴስ?» ብሎ ጠየቀ።

«ዛሬ ወረደ። ታቅፈኸው ነበር።»

ከሰኞ ጀምሮ ያልወረዱት አባታቸው አቶ ሽብሩ ብቻ ናቸው። አቶ ሽብሩ ዕድሜ ልካቸውን ጋቢና ነበሩ፤ ሾፌር ጭነት አይደለም። ሆኖም አስካለ ሐሙስ ማታ እራት ላይ ጉርሻዋ እጇ ላይ ቀረ። አባቷ አንድ ቀን ካሶኒው ላይ ተቀምጠው ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቷ ሳለ መንዳት ያስተማሯት ዕለት፣ «አጠገብሽ ከተቀመጥኩ ዓይን ዓይኔን ታያለሽ» ብለው ኋላ ወጡ፤ ጣራውን አንዴ ሲመቱ ግራ፣ ሁለቴ ሲመቱ ቀኝ። ሄደው እስኪመለሱ የፈጀባቸው ሁለት ሰዓት ነው። ቅደም ተከተሉን አሰላች፤ ዓርብ ላይ ዋለ።

ለእናቷ ነገረቻቸው።  ጠዋት ወይዘሮ ዘርፌ የአዘቦት ቀሚሳቸውን ራሳቸው አጥበው ሲያሰጡ አየቻቸው።

ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ አቶ ሽብሩ መዝጊያውን ተደግፈው ዘለው ወረዱ። አርባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከልጃቸው በስምንት ዓመት ያንሳሉ። ከቅንድባቸው እስከ ጫማቸው አቧራ ለብሰዋል። አስካለን አይተው ባርኔጣቸውን አነሡ።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ? አንዲት ልጅ ከጋቢናው ስትወርድ አላዩም?»

አስካለ ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። ትታው «የምን ልጅ?» አለች።

«የኔ ልጅ። ዛሬ መጀመሪያ ቀኗ ነው። ደራ ድረስ ነዳችኝ።»

«ደራ ድረስ ለምን?»

«መኪና ማዞር አላሳየኋትም ነበር» ብለው ሳቁ። «ቆይ ብዬ ብጮህ አትሰማ። ደራ አደባባይ ስላለ ተመለስን።»

«እንዴት ነው አነዳዷ?»

አቶ ሽብሩ ወደ ቤቱ በር አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከኔ ትበልጣለች። ማርሽ ስትቀይር ኋላ ተቀምጬ እንኳ አይሰማኝም። ብቻ አደራዎን እንዳይነግሯት።»

«ለምን?»

«ትፈጥናለቻ!»

አቶ ሽብሩ በሕይወት ሳሉ ስለ አነዳዷ የነገሯት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፍሬን ላይ እግርሽ ይከብዳል። ሠላሳ ሰባት ዓመት፣ ፍሬን በያዘች ቁጥር፣ ያ ትዝ ይላት ነበር። «አልነግራትም» አለች። 

ያን ጊዜ ወይዘሮ ዘርፌ ወጡ። ከዘራቸውን ቤት ትተውታል።

«ሽብሩ፣ አቧራህን ሳታራግፍ ቤት እንዳትገባ።»

«እሺ፣ ዘርፍዬ።» ዞረው አዩአቸው።  «ደከመሽ እንዴ?»

«ትንሽ።»

«ፀጉርሽ ነጣ።»

«ዱቄት ነው» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ።

አቶ ሽብሩ አመኑ። አስካለ ሰዓቷን አየች። ጉዞው የእሷ ነበር፤ ከሁለቱ ሰዓት ዘጠኝ ደቂቃ ተጠቅማለች። የቀረውን ለእናቷ ትታ ወደ ጓሮ ሄደች፤ ጎመኑ መሐል ተቀምጣ አረም ነቀለች። ድምፃቸው ይመጣላታል። ስለ አንድ በሬ ይከራከራሉ፤ ከዚያ ይስቃሉ። ሳቁ ከክርክሩ ይረዝም ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ስትመለስ እናቷ የሎሚ መዝጊያ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ሁለት የእርጎ ብርጭቆ አለ፤ ሁለቱም ተጠጥቷል።

«ምን አለሽ?»

«ጣራው ያፈሳል አለኝ። ነሐሴ ላይ እጠግነዋለሁ አለ።»

«ምን አልሽው?»

«እሺ አልኩት።»

ቅዳሜ አራት ሰዓት ደጀኔና ብረት ገዢው መጡ። ሰላምታ ሳይጨርሱ ሎሚ የመጨረሻ ጭነቷን አወረደች፤ የአቶ ሽብሩን ሬሳ ሣጥን። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን በቀብር እርምጃ ስምንት ደቂቃ ነው። አባቱ ሲቀበሩ ደጀኔ ጅቡቲ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር፤ የደረሰው ለሣልስቱ ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስለዚያ ቀን ተናግሮ አያውቅም፤ ሎሚን ግን ባያት ቁጥር ፊቱን ያዞር ነበር።

«ደጀኔ» አለች አስካለ፣ «ስምንት ደቂቃ ነው ያለህ።»

ደጀኔ ኮቱን አውልቆ ከፊት በቀኝ በኩል ገባ። አስካለ በግራ፣ ከጎረቤት ሮጦ የመጣው ገመቹና ብረት ገዢው ከኋላ ያዙ። ግቢውን በዝግታ ዞሩ። ደጀኔ ጮክ ብሎ አለቀሰ፤ ማንም ተው አላለውም። ሦስተኛው ዙር ላይ ትከሻቸው ቀለለ፤ እጃቸው አየር ይዞ ቀረ።

ብረት ገዢው ትከሻውን አሸት አሸት አደረገ። «መኪናዋን ሰኞ መጥተን ብንነጋገር ይሻላል» አለ።

«ሰኞም አትምጣ» አለ ደጀኔ። ያን ሌሊት እናቱ ቤት አደረ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የሎሚ መዝጊያ እንደገና ወርዶ አገኙት። ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጅ ወረደች፤ ቅንድቧ የወይዘሮ ዘርፌ ነው። ቀጥሎ ሕፃን ያዘለች ሴት፣ ቀጥሎም የደጀኔ ዓይነት ጆሮ ያለው ሽማግሌ ወረደ። አንዳቸውንም አያውቋቸውም። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ አሥራ ሰባት ሆኑ፤ ጓዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሣሩ ላይ በሁለት ረድፍ ተቀመጡ። አንዳቸውም አልጠፉም።

አስካለ ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች። «የኔ እናት፣ መንገዳችሁ ስንት ሰዓት ፈጀ?»

«ገና አልተነሣንም» አለች ልጅቷ። አስካለ አሰላች፤ ያለፈው ጭነት ትናንት አልቋል፤ እነዚህ ገና የሚጫኑት ናቸው።

ወይዘሮ ዘርፌ ሄደው በረድፉ መጨረሻ ተቀመጡ። ልጅቷ ተጠግታ ቦታ ለቀቀችላቸው። ባዶው ጋቢና ውስጥ መሪው ቀስ ብሎ ወደ ግራ ዞረ፤ ሣሩ ላይ የተቀመጡት ሁሉ፣ ወይዘሮ ዘርፌም ጭምር፣ አንድ ላይ ወደ ቀኝ አዘነበሉ።