ጣራ የሌላት ሎኮሞቲቭ

«ጣራውስ?» አለች ሀቢባ።

ከሙዚየሙ የመጣው ኢልያስ የያዘውን የውሃ ብርጭቆ መሬት አስቀመጠ። ሊያጽናና በገባበት ለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቀም።

«በዕቅድ ተይዟል።»

«አባቴ በሕይወት እያለም በዕቅድ ተይዞ ነበር።»

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። አባቷ ጁሃር የተቀበረው ትናንት ነው። ንፋስ መውጫ ላይ ስለ ባቡር የሚያውቅ ሰው እሱ ብቻ ስለነበር ለቀስተኛው ሁሉ የመሰለውን ያወራል፤ አንዱ ሾፌር ነበር ይላል፣ ሌላው ትኬት ቆራጭ። ሀቢባ ማረም ሰልችቷታል። አባቷ መካኒክ ነበር። ናፍጣ አቃጥላ ኤሌክትሪክ የምታመነጭ፣ በዚያው ኤሌክትሪክ የምትጎትት አንዲት ሎኮሞቲቭ ሲጠግን ነው ያረጀው።

መስመሩ ተዘግቶ ሎኮሞቲቯ ለሙዚየም ስትሰጥ፣ ጁሃር የመንጃዋን እጀታ ነቅሎ አገሩ ገባ። ያለዚያ እጀታ ማንም አያንቀሳቅሳትም። «ዝናብ እየጠጣች ለጉራ ሊነዷት ነው፤ ሽቦዋ ይቃጠላል። መጠለያ ይሥሩላትና እኔው ወስጄ እገጥመዋለሁ» ይል ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ ሙዚየሙ ይደውላል። መልሱ ያው «በዕቅድ ተይዟል» ነው። ስልኩን ዘግቶ ራቱን ሳይበላ ይተኛል። ያኔ ሀቢባ በእሱ ትናደድ ነበር፤ ዛሬ ንዴቷ በእነሱ ነው።

«ለምረቃው እንግዶች ተጠርተዋል» አለ ኢልያስ። «ትንሽ ነድተን ልናሳያቸው ነው፤ እጀታው ያስፈልገናል።» ፎቶዋን በስልኩ አሳያት። ሎኮሞቲቯ አዲስ ቀለም ተቀብታለች። የሾፌሩ መስኮት መስታወት የለውም።

ጎረቤታቸው አያ ፈንታው ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ ሰውየው ስንት አገር አቋርጦ መጥቷል። ብረት አይደለም እንዴ? ስጭውና ይሂድ።»

«አያ ፈንታው፣ እርስዎ በሬዎን ዝናብ ላይ ያሳድራሉ?»

«በሬማ ነፍስ አለው!»

ወንድሟ ፈሃድ ጆሮዋ ሥር ተጠጋ። «አታዋርጅን። እንግዳ ከለቅሶ ቤት ባዶ እጁን ይመለሳል?»

«አባባ ያለው እንደዚህ ነው?»

«አባባ የለም እኮ!» ድምፁ ሳያስበው ጮኸ። ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እስካሁን ይህን ቃል ከሁለቱ አንዳቸውም አልተናገሩትም ነበር።

እንባዋን በሻርፗ ጠርጋ ወደ ኢልያስ ዞረች። «እጀታውን አልሰጥም። መጠለያዋን ሠርታችሁ ጥሩኝ፤ ራሴ ይዤ እመጣለሁ።»

ኢልያስ ሊሄድ ሲነሳ ዝናቡ ድንኳኑን መደብደብ ጀመረ። ሀቢባ ወደ ቤት ገባች። አያ ፈንታው ሐሳቧን የቀየረች መስሏቸው ደስ አላቸው። እሷ ግን የአባቷን ጥቁር ጃንጥላ ይዛ ወጣች።

«አላህ ይስጥልኝ» አለ ኢልያስ፤ «ወደዚህ የሚመጣ ሰው ሳገኝ እልከዋለሁ።»

«ለአንተ አይደለም። መስታወት በሌለው መስኮት በኩል ዘርግታችሁ እሰሩላት።»

ሀቢባ ጃንጥላውን ከፍታ አየችው። አንዱ ዘንግ ተጣሟል። ቀስ አድርጋ በጣቷ አቃናችውና ለኢልያስ ሰጠችው።