አርባ አንደኛው እጅ

በእንግሊዝ አገር በዱርሃም ከሰል ቆፋሪዎች ዘንድ አንድ ደንብ አለ፤ በዓመቱ ውስጥ ጉድጓዱ ሰው ከበላ፣ በሐምሌው ሰልፍ የማኅበሩ ሰንደቅ ከል ለብሶ ይወጣል። ማንም ተከራክሮበት አያውቅም ነበር። የሃርላው መንደር ሰዎች ግን ተከራከሩ፤ በመጋቢት ድንጋይ ተጭኖት የሞተው ካትበርት ተርልዌል አድማ ሰባሪ ነበርና።

ባለቤቶቹ ደመወዝ ለመቀነስ ጉድጓዱን ሲዘጉ፣ ካትበርት ከሰው እኩል ተርቦ፣ በአድማው ጸንቶ ሰባት ወር ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። አድማው ሊያበቃ አሥር ቀን ሲቀር ልጁ በሳል ወደቀች፤ በተቀነሰው ደመወዝ ሊሠራ በፖሊስ ታጅቦ ጉድጓድ ወረደ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰላም አላለውም። እሱን ላለማግኘት መጀመሪያ መንገድ የተሻገረው ታላቅ ወንድሙ ራልፍ ነው፤ እስኪቀበር ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰለትም።

አሁን ራልፍ የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። ሊቀመንበር ድምፅ የሚሰጠው እኩል ለእኩል ሲሆን ብቻ ነው፤ ራልፍም ይህንኑ ፈርቶ ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሯል። ከል ይልበስ ቢል የተራቡት ፊት እንዴት ይቆማል? አይልበስ ቢል ደግሞ ወንድሙን በገዛ እጁ ሁለተኛ ሊቀብር ነው።

«ለከዳተኛ ከል? እኛ የሣር ሾርባ ስንጠጣ እሱ ሥጋ ሲጠብስ ሸትቶኛል!» አለ ከአባላቱ አንዱ ናትራስ፣ ከስብሰባው አዳራሽ በር ሥር።

«አንተ አፍንጫህ እንጂ ሆድህ አልራበውም» አሉ ሽማግሌው ጆብሊንግ። «ሙት ወቃሽ አትሁን። ጉድጓዱ እንደሆነ ‹የማኅበር አባል ነህ?› ብሎ ጠይቆ አይናድብህም።»

እጅ ይውጣ ተባለ። ከራልፍ በቀር አርባ ሰው አለ። ከል ይልበስ ያሉ፣ ሃያ። አይልበስ ያሉ፣ ሃያ አንድ።

«ሊቀመንበር፣ ቢራው ሳይከፈት ሰከርክ እንዴ?» አለ ናትራስ፤ ሰው ሳቀ። ራልፍ ደግሞ ቆጠረ። ሃያ አንድ።

«አይልበስ ያላችሁ እጃችሁን እንዳታወርዱ» ብሎ በመካከላቸው እየዞረ፣ አንድ በአንድ እየነካ ቆጠረ። ሃያው ሞቃት ነበር። በመጨረሻው ረድፍ፣ ካትበርት ድሮ ይቀመጥበት ከነበረው ባዶ ወንበር በላይ፣ አንድ እጅ ተነሥቷል። ሁለት ጣት ይጎድለዋል። ራልፍ ነካው፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፣ የጉድጓድ ውሃ ይሸታል። እነዚያ ጣቶች ካትበርት ራልፍን ከከሰል ጋሪ ሥር ጎትቶ ሲያወጣ የተቆረጡ ናቸው።

ወንድሙ በራሱ ላይ ድምፅ ሰጥቷል። ሃያ አንድ ከሆነ ነገሩ ያበቃል፤ ራልፍም በሰው ፊት መምረጥ አይኖርበትም። ያ ሁሉ ዝምታ ተጭኖበት እንኳ ያዘነው ለራልፍ ነበር።

«ምን አየህ?» አሉ ጆብሊንግ ቀስ ብለው፤ እሳቸው የሚያዩት ባዶ ወንበር ነው።

«እኩል ነው» አለ ራልፍ። «የቀረው የእኔ ነው። ሰንደቁ ከል ይለብሳል።»

ያ እጅ ግን እንደተነሣ ነው። ራልፍ ጎንበስ ብሎ፣ ከሃያ ወር በኋላ፣ የመጀመሪያዋን ቃል ለወንድሙ ተናገረ።

«በቃ፣ ካትበርት፤ እጅህን አውርድ።»

እጁም ወረደ።