ጣሰው ሰመራ የሄደ ዕለት

«ፈቀቅ በይላቸው» አለች አስረሳች ለልጇ ለዓለምሸት።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሽርጥ የታጠቀ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ጫማውን አውልቆ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ዓለምሸት አታውቀውም። ደጅ ያቆማትን አሮጌ ነጭ ፔጆ ግን አይታለች። አዋሽ ሰባት ኪሎ ውስጥ የእንደዚህ ያለችዋን መኪና ፍሬን የሚደፍር አባቷ ጣሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ከትናንት በስቲያ ተቀብሯል።

«አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» አለ ሰውየው ከጎኗ እየተቀመጠ። «ኢብራሂም እባላለሁ። ከሰመራ ነው የመጣሁት። ጋሽ ጣሰው ፍሬን ሠርተውልኝ ነበር።»

ድንኳኑ ውስጥ ጣሰው ያልሠራለት ሰው ጥቂት ነው። አርባ ዓመት ፍሬን ብቻ ሠራ። የድሮ መኪና ሲመጣለት፣ ዕቃው ከገበያ ጠፍቷል ብሎ አይመልስም። የፍሬን ሸራውን በልኩ ቆርጦ፣ በስቶ፣ በሪቬት ሚስማር ከብረቱ ጋር ያስረዋል። ከዚያ ራሱ እየነዳ ወደ አዋሽ ገደል ቁልቁለት ይወርዳል። ቁልፉን ለባለቤቱ የሚሰጠው በደህና ሲመለስ ነው። ዓለምሸት በሙያው ትኮራበት ነበር። አንድ ነገር ብቻ ይቅር አላለችውም።

«መቼ ነው የሠራልዎት?» አለችው።

«የዛሬ አራት ዓመት፣ ግንቦት ላይ።»

ቀና አለች። በዚያ ግንቦት ሽማግሌዎች እሷን ሊጠይቁ ሲመጡ አባቷ ቤት አልነበረም። እስኪመሽ ጠብቀውት ተመለሱ። በማግስቱ ገባና «ሥራ ነበረኝ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። በሌላ ቀጠሮ ተጠይቃ አገባች፤ ያቺ ዕለት ግን በአባትና በልጅ መካከል ቀረች።

ኢብራሂም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራቸው። የአባቱን ፔጆ ፍሬን አሠርቶ፣ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ጭኖ ሰመራ ገባ። በማግስቱ ጠዋት ጣሰው ከዚያው ሸራ የተረፈውን ቁራጭ ሲበሳ እጁ ላይ ተፈረካከሰ። ቢደውል የኢብራሂም ስልክ ዝግ ነው። ሌላ ሸራ ጠቅልሎ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈረ።

«ቤት ለቤት አጠያይቀው አገኙኝ። ወደ ጂቡቲ ድንበር፣ ወደ ገላፊ ልንወርድ ዕቃ እየጫንን ነበር። ‹ቁልፉን ስጠኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው› አሉኝ። እዚያው ፀሐይ ላይ አራቱንም ጎማ ፈቱ። ውሃ ሳቀብላቸው ነው ‹ዛሬ ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ› ያሉኝ። ደነገጥኩ። ታዲያ እንዴት ጥለው መጡ አልኳቸው።»

«ምን አለ?» አለች ዓለምሸት።

«‹እሷ ቤቷ ናት፤ እናንተ መንገድ ላይ ናችሁ› አሉኝ።»

አስረሳች ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «የት እንደነበረ ለኔም አልነገረኝም» አለች። «ምክንያቱን ንገራት ስለው፣ ‹ምክንያት ቀኗን አይመልስላትም› ይለኝ ነበር።»

ዓለምሸት ተነስታ ወጣች። ኢብራሂም ተከተላት።

«ፍሬኑን ከዚያ ወዲህ ማንም ነክቶት አያውቅም» አላት የፔጆዋን በር እየከፈተ።

በፀሐይ የጋለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጫማዋን አውልቃ የፍሬኑን ፔዳል ረገጠችው። ጥቂት ወረደና ጠንክሮ ያዘ። ግንባሯን መሪው ላይ አስደግፋ አለቀሰች። ሴቶቹ ሊያጽናኗት ከድንኳኑ ሲወጡ፣ ኢብራሂም እጁን ዘርግቶ እንዲቆዩ ለመናቸው።

ዓለምሸት እግሯን ከፍሬኑ ላይ አላነሳችም።