አገር መረጣ

ለተሚካኤል በሰው ፊት ውሸት ተናግራ አታውቅም፤ ዝም ማለት ግን ትችልበታለች። ያ ሁሉ ጣጣም የመጣው በዚሁ ዝምታዋ ነው።

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ጠዋት፣ ሜልበርን፣ ሴንት አልባንስ ሰፈር፣ እትዬ ወሰንየለሽ ቤት በሚደረገው የሴቶች ጸሎት ላይ ነው። በዚያ ቤት አንድ ደንብ አለ። ከመንበርከክ በፊት እያንዳንዷ የጸሎት ርዕስ ትሰጣለች፣ እትዬ ወሰንየለሽም ይመዘግባሉ። ደንቡ ጥሩ ነው፤ ችግሩ እትዬ ወሰንየለሽ የመዘገቡትን ርዕስ መልስ ሳያገኝ የማይለቁ ሰው መሆናቸው ነው። "ያ ጉልበትሽ ምን ደረሰ?"፣ "የልጅሽ የሥራ ነገርስ?" እያሉ በስልክ ይከታተላሉ። አንዳንዴማ ጌታን ራሱን የሚከታተሉት ይመስላል።

ተራው ለተሚካኤል ጋ ደረሰ።

"እኔና ሩቤል አገር ልንመርጥ ነው" አለች፣ ዓይኗን ከምንጣፉ ሳትነቅል። "ጌታ ትክክለኛውን እንዲያሳየን ጸልዩልን።"

"የምን አገር?" አሉ እትዬ ወሰንየለሽ።

"ወይ ጆርጂያ፣ ወይ ካናዳ... ወይ ደግሞ እዚሁ።"

የቀረውን ዋጠችው። የዋጠችው ይሄን ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ስንት ተለቅሶበት በሕክምና የተገኘ እርግዝና በሰባተኛው ወር ላይ እንዳልሆነ ሆነ። ልጁ አልተረፈም፤ እሷን ለማትረፍ ደግሞ ሐኪሞቹ ማህፀኗን አወጡት። ከሕክምናው የተረፉ አራት ፅንሶች ዛሬም ክሊኒኩ ውስጥ በቅዝቃዜ ተቀምጠዋል። የእሷና የባሏ ናቸው። የጎደለው ዘጠኝ ወር የሚሸከምላቸው ሰው ብቻ ነው። አገር የሚመረጠውም ለዚህ ነበር፤ ልጃቸውን የምታረግዝላቸው ሴት የት ትሁን?

ጆርጂያ ሲባል አሜሪካን ያለችው አይደለችም፤ ከቱርክ ጀርባ ያለችው ትንሽዬ አገር ናት። እዚያ ሴትዮዋ ይከፈላታል፣ ነገሩን ሁሉ ኤጀንሲ ይጨርሰዋል፣ የልደት ወረቀቱም ገና ከጅምሩ በእነሱ ስም ይወጣል። ካናዳ ክፍያ የለም፤ ፈቃደኛ ሴት እስክትገኝ ግን ወረፋው ያስረጃል። ሜልበርንም ቢሆን ወጪዋን መሸፈን እንጂ መክፈል ክልክል ነው። ሴትዮዋ ከዚህ በፊት የወለደች መሆን አለባት፤ ካውንስለር የሚሉት አማካሪ አለ፣ ጠበቃ አለ፣ ነገሩን መርምሮ የሚፈቅድ ፓነል አለ። ልጁ ከተወለደ በኋላም ፍርድ ቤት እስኪወስን ድረስ በሕግ እናቱ የምትባለው የወለደችው ናት። ለተሚካኤልን እንቅልፍ የነሳቻት ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ናት።

እዚህ ሰው ጠፍቶም አይደለም። የልብ ጓደኛዋ እየሩ ሰንሻይን ዌስት ትኖራለች፤ ከባሏ ከጳውሎስ ሦስት ልጆች ወልዳለች። አንድ ቀን ለተሚካኤል ቤት ዕቃ እያጠበች፣ ዘወር እንኳ ሳትል፣ "እኔ ልሸከምልሽ" አለቻት። "ጳውሎስንም አማክሬዋለሁ። እርግዝና እንደሆነ አይከብደኝም። እኔን የሚከብደኝ ከወለድኩ በኋላ ያለው ነው፤ እሱን ደግሞ አንቺ ትችዪዋለሽ።" ለተሚካኤል የታጠበውን ሳህን ተቀብላ እያደረቀች ዝም አለች። ዝም እንዳለች ሁለት ዓመት ሞላት።

እየሩን ስለማታምናት እንዳይመስላችሁ። የፈራችው የቸርቻቸውን ሰው ነው። የእየሩ ሆድ እሁድ በእሁድ ሲገፋ ሁሉም ሊያይ ነው። "ማህፀን ተከራዩ" ሊባል ነው። ልጁ ሲያድግ አንዷ አገጩን ይዛ አገላብጣ አይታው "ቁርጥ እየሩን!" ልትል ነው። ሰው ማንን እናት ብሎ ይጠራል? ለተሚካኤል በሥራዋ ላቦራቶሪ ውስጥ ለምርመራ ደም ቀጂ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የእርጉዞችን ክንድ ስትጠርግ ትውላለች፣ ይቺን ጥያቄም አብራ ስታመላልስ ትውላለች። ጆርጂያ ግን የሚያይ የለም። ሄዶ፣ ከርሞ፣ ልጅ ታቅፎ መምጣት ነው። ልጅ ታቅፋ የመጣችን ሴት ማን ሆድሽ የት ነበር ይላታል?

እትዬ ወሰንየለሽ ሐሜት አይወዱም፤ ያሉት "ጸልዩላቸው" ብቻ ነው። ጸልዩላቸው ሲባል ግን ስለምን ብሎ የማይጠይቅ የለም። በሁለተኛው ሳምንት ወሬው ዌስቱን፣ የሜልበርንን ምዕራብ ሰፈር ሁሉ፣ አዳረሰ። ለተሚካኤልና ሩቤል ሜልበርንን ለቀው ካናዳ ሊሄዱ ነው ተባለ።

መጀመሪያ የደወለው ጋዲሳ ነው፤ የቤት ዕቃ የሚያጓጉዝበት ትራክ ያለው የቸርቹ ወንድም።

"ለቱ፣ ዕቃ መቼ ነው የምንጭነው? እኔ ቅዳሜን ኦፍ ወስጃለሁ። ፍሪጅ ለብቻዬ አወርዳለሁ፣ ችግር የለም።"

"ኧረ ገና ነው ጋዲሳ" አለችው። ገና ነው ማለት ውሸት አይደለም ብላ ራሷን አጽናናች።

ቀጥላ ከጸሎት ጓደኞቿ አንዷ ጽጌ ደወለች፤ የዋይንድሃም ቬሉን ቤታቸውን ለሌላ እንዳያከራዩባት ልትለምን። ለእሷም "እናያለን" አለቻት።

ባሏ ሩቤል አውቶቡስ ሾፌር ነው። አንድ ቀን ሐበሻ ተሳፋሪ ሁሉ "ካናዳ መቼ ነው?" እያለ ሲያደርቀው ውሎ ገባ።

"ለቱ፣ ይሄ ነገር ልክ አይደለም" አለ፣ ጫማውን ገና ሳያወልቅ።

"እኛ ምን አልን?"

"ምንም አላልንም። እሱ እኮ ነው ልክ ያልሆነው።"

"ይመቸናል እኮ ሩቤል። ጆርጂያ ስንሄድ የሚጠይቀን አይኖርም።"

"ስንመለስስ?"

"ስንመለስማ ልጅ ይዘን ነዋ።"

"ልጁ አድጎ እንዴት ተወለድኩ ሲለንስ? እሱንም ዝም ልንለው ነው?"

ሰኞ ማለዳ ከኤጀንሲው ጋር በቪዲዮ ተገናኝተው ሊፈርሙ ቀጠሮ ተይዟል፤ እንደ ምንም እስከዚያ ልድረስ እንጂ የሚል ሐሳብ ብቻ ነው የነበራት።

እየሩም ደወለች። ከደወሉት ሁሉ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት፤ ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም።

"ጆርጂያ ሆነ አይደል?"

"እየሩዬ..."

"አልተቀየምኩሽም። እውነቴን ነው። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አይ እንኳ አላልሽኝም። አይ በይኝና ይለፍልኝ።"

ለተሚካኤል አይ ልትል አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም። "እሁድ እንገናኝ የለ" ብላ ዘጋች፤ ከዘጋች በኋላም በራሷ ተናደደች።

እሁድ ከሰዓት ቸርቹ በሚከራየው አዳራሽ አምልኮው እንዳለቀ በሩን የያዙት ልጆች ለተሚካኤልንና ሩቤልን እንዳትወጡ አሏቸው። ፊት ለፊት ሁለት ወንበር ተደርድሯል። ጠረጴዛው ላይ ኬክ አለ፤ ከኬኩ አጠገብ ሁለት ወፋፍራም ጃኬት ተጣጥፏል፣ ካናዳ ብርድ ነው ተብሎ። ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። ሽኝት ነው! ለተሚካኤል ወደ በሩ ዞረች፤ ሩቤል በክንዷ ይዞ ወንበሩ ላይ አስቀመጣት።

ከዚያ ምስክርነቱ ቀጠለ። መታሰቢያ የምትባል እህት ወጥታ፣ ታማ በተኛች ጊዜ ለተሚካኤል ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ እየመጣች ልጆቿን ታበላ እንደነበር ተናገረች። አንዱ ወጣት መኪና መንዳት ያስለመደው ሩቤል መሆኑን ተናገረ። እያንዳንዱ ምርቃት ለተሚካኤልን ወንበሩ ውስጥ ያሰምጣት ጀመር። ብድግ ብሎ መሄድ ቢቻል ትሄድ ነበር። የባሰው እትዬ ወሰንየለሽን ስታይ ነው። ሁልጊዜ የፊት ወንበር የማይለቁት ሴትዮ ዛሬ ጥግ ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

የቸርቹ ሽማግሌ ጋሽ ብርሀነ ማይኩን ያዙ። "እንግዲህ ቅዱሳን፣ እጃችንን ጭነን በጌታ ስም እንላካቸው።"

ሰዉ ከበባቸው። አንድ እጅ ትከሻዋ ላይ፣ አንድ እጅ ራሷ ላይ አረፈ። ለተሚካኤል በዚህ እየቀለደች አላደገችም። በዝምታ ጎረቤትን ማሳለፍ ይቻላል፤ እጅ ተጭኖ፣ የጌታ ስም ተጠርቶ፣ ለማትሄጂበት መንገድ አሜን ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

"ቆዩ!" አለች፤ ጮኻ ኖሯል። "ይቅርታ አድርጉልኝ። አትጸልዩ። አገር ለቀን አንሄድም።"

እጆቹ አንድ በአንድ ተነሱ። ሩቤል ከጋሽ ብርሀነ ማይኩን ተቀብሎ ሰጣት፤ እጇን ግን አልለቀቀም።

ተናገረች። እንደ መጣላት፣ ፊትና ኋላውን እያምታታች ተናገረች። የሞተውን ልጅ፣ የወጣውን ማህፀን፣ የተቀመጡትን አራት ፅንሶች። የጸሎቱ ርዕስ የኑሮ አገር እንዳልነበረ፣ የሰማችውን ወሬ እያወቀች እንዳላረመችው፣ ጆርጂያ ሄዳ ልጅ ታቅፋ በዝምታ ልትመለስ እንዳሰበች። "ያፈርኩት እናንተን ነው" አለች። "ምን ይሉኛል ብዬ ነው። ልጄን የሌላ ልጅ እንዳትሉብኝ ፈርቼ ነው።" ከዚያ በሕዝቡ መሀል እየሩን ፈልጋ አገኘቻት። "እየሩ፣ ሁለት ዓመት አስጠበቅኩሽ። ልብሽ አሁንም እዚያው ከሆነ መልሴ እሺ ነው። እዚሁ ይሁን። ሁሉም እያየ ይሁን።"

ከኋላ ሁለት ሴቶች ተያዩ። ጋሽ ብርሀነ መነጽራቸውን አውልቀው ቆሙ፣ ፊታቸው አልተፈታም።

"ያልሽው ገብቶኛል፣ ልጄ" አሉ። "እኔን ያሳሰበችኝ ያቺ የምትሸከመው ናት። ይሉኝታ ይዟት እንዳይሆን። ማነው የጠየቃት?"

"ማንም አልጠየቀኝም ጋሼ" አለች እየሩ ከመሀል። እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር። "እኔ ነኝ የጠየቅኳት። እሷ ናት ስትኮራብኝ የከረመችው።"

ጳውሎስ ከጎኗ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ጋሽ ብርሀነ አሰብ አደረጉና፣ "እኔ ገና ልጸልይበት እፈልጋለሁ" ብለው ተቀመጡ። ለተሚካኤል ይሄንንም ሰማች፤ እንደፈራችው አላመማትም።

ያን ጊዜ እትዬ ወሰንየለሽ ከጥጋቸው ተነሱ። መንገድ ተለቀቀላቸው። መጥተው ፊቷ ቆሙ።

"ፅንሱ የማን ነው?"

"የእኔና የሩቤል ነው፣ እትዬ።"

"ወረቀቱስ?"

"ፍርድ ቤት ያስተካክለዋል። ትንሽ ይቆያል እንጂ።"

"እና አትሄዱም?"

"የትም አንሄድም።"

"ወይ አንቺ ልጅ!" አሉ እትዬ ወሰንየለሽ፣ ትከሻዋን በመዳፋቸው መታ አድርገው። "ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ እኮ! ብታመም ማን ሊጠይቀኝ ነው፣ ይቺም ከሄደች ማን ቀረኝ እያልኩ! ይሄ ነው እንዴ ነገሩ? ልጅ ነው እንዴ?" ብለው አቅፈው ይዘዋት ቀሩ። የጋዲሳ ሳቅ ከሁሉም ቀድሞ ተሰማ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፣ አንዳንዱም እያለቀሰ ነው የሳቀው። ሩቤል ትንፋሹን ሲለቅ በማይኩ ውስጥ ተሰማ። ለካ የቸርቹ ሰዎችም የፈሩት ነገር ነበራቸው።

"እጃችንን ካነሳን አይቀር እንጸልይ" አሉ እትዬ ወሰንየለሽ። እየሩን ጠርተው አንበረከኳት። አንድ እጃቸውን በእየሩ፣ አንዱን በለተሚካኤል ራስ ላይ ጭነው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ጌታ ሆይ፣ እናቲቱን ለተሚካኤልን አስባት። ልጇን የምትሸከምላትን እየሩሳሌምን አበርታት..."

ለተሚካኤል ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማችም። እናቲቱ። በእነዚያ ሰባት ወራት እንኳ፣ ሰው ይፈራልና፣ በዚህ ስም ደፍሮ የጠራት አልነበረም። ካውንስለሯ ገና አልተገኘችም፣ ፓነሉ አልተሰበሰበም፣ ፍርድ ቤቱ ፋይል አልከፈተም። የፈራችው አፍ ግን ይኸው በሰው ሁሉ ፊት እናት አላት። ሳታፍር፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እየሩ ዓይኗን እንደጨፈነች በዳበሳ እጇን ፈልጋ ያዘችው።

ጸሎቱ ገና መሀሉ ላይ ነበር። ለተሚካኤል "አሜን" አለች፤ ደግማም "አሜን" አለች።